የወለተ ኪዳን ፍትሐት

ቃሬዛው ቁልቁል መውረድ እንደጀመረ ከፊት የያዙት አያ ፈንታው «ቀስ! ኧረ ቀስ በሉ!» ይሉ ጀመር። ከኋላ የያዘችው ውባንቺ ቀስ ለማለት ጊዜ እንደሌለ ስለምታውቅ እርምጃዋን አላቀዘቀዘችም። ሌሊቱን ውርጭ የጣለበት ድንጋይ እግሯን ያንሸራትታል፤ ትከሻዋ ላይ ያረፈው የባሕር ዛፍ አጣና ቆዳዋን ልጦታል። እሷ ግን ዓይኗን ከቃሬዛው አልነቀለችም። እዚያ ላይ የተኛችው ንጋት ከቤት ከተነሡ ጀምሮ ያቃሰተችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለተኛውም ከቆየ ቆይቷል።

ንጋት ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ጎሕ ሲቀድ ወንድ ልጅ ወለደችና እልል ተባለ። ከዚያ የእንግዴ ልጁ አልወጣ አለ፤ ደሙ ግን መጣ። መጀመሪያ አንድ ጨርቅ፣ ቀጥሎ ሦስት፣ ከዚያ መደቡ ላይ የተነጠፈው አጎዛ ራሰ። ውባንቺ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ተጠርታ ስትደርስ ቦርሳዋ ውስጥ የቀሯትን ሦስት የደም ማቆሚያ ክኒኖች ከንጋት ምላስ ሥር አደረገችላት። ደሙ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። በሰባት ዓመት ሥራዋ ከዚህ በላይ ያስተማራትም የሰጣትም አልነበረም። ከዚህ በኋላ ያለው የአዋላጅ ነርስ ሥራ ነው፤ አዋላጅ ነርስ ያለችው ደግሞ ላሊበላ ነው፤ በደህናው ቀን የሦስት ሰዓት መንገድ።

ቀኑ ግን ደህና አልነበረም። ወሩ ኅዳር፣ ዓመቱ ሁለት ሺህ አሥራ አራት ነው። የዚያን ዓመት ኅዳር ላስታ ላይ የዋለ ሰው መቼም አይረሳውም። ከተማይቱ ከእጅ ወደ እጅ ስትገላበጥ፣ ማን እንደያዛት ለማወቅ በየማለዳው ጆሮ መጣል ያስፈልግ ነበር። ስልክ የለም። መብራት የለም። በጋሸና በኩል ይመጣ የነበረው መድኃኒት ከነመኪናው ቀርቷል። በመንደራቸው በወይራ አምባ ጤና ኬላ ውስጥ የተረፈው የሕፃናት ሚዛንና ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የነፍሰ ጡር ሥዕል ብቻ ነበር፤ ሥዕሉ ላይ ያለችው ሴት ፈገግ ብላ አምቡላንስ ውስጥ ትገባለች። ውባንቺ ያንን ሥዕል ባየችው ቁጥር ልትቀደው ይቃጣታል።

በላስታ ደንብ ቃሬዛ መሸከም የወንድ ነው። ሴት ከኋላ ትከተላለች፣ ውኃ ትይዛለች፣ ታለቅሳለች እንጂ ትከሻዋን አታስገባም። መንገድ ላይ ቃሬዛ ያየ ወንድ ደግሞ፣ የሚያውቀው ይሁን የማያውቀው፣ የያዘውን ጥሎ ይቀበላል፤ እንዲያ እየተቀባበለ ነው የደጋ በሽተኛ ሐኪም ቤት የሚደርሰው። በዚያ ኅዳር ግን ወንዱ አንዱ ዘምቷል፣ አንዱ ገደል ለገደል ተሸሽጓል፤ የንጋት ባልም ከወጣ ወር አልፎታል። ስለዚህ ከፊት አያ ፈንታውና ጎረቤታቸው አዳም፣ ከኋላ ውባንቺና የአዳም ሚስት ሆነው ተነሡ። አያ ፈንታው ከስድሳ ያለፉ የመንደሩ ዕድር፣ የቅሬው ዳኛ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የወይራ አምባን ሙታን ሁሉ በደንብና በሥርዓት ያስቀበሩ እሳቸው ናቸው። ሴት ቃሬዛ ሥር ስትገባ ባዩ ጊዜ ፊታቸውን አዙረው «ይሁን» አሉ።

ከሁሉ ኋላ፣ ሕፃኑን በነጠላ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ አስረው፣ የንጋት አማት እማማ ሙሉሃብት ይከተላሉ።

ውባንቺ እኚህን ሴትዮ ልትሰማቸውም ልታያቸውም አልፈለገችም። ጥቅምት ላይ ሦስት ጊዜ ደጃቸው ሄዳለች። ንጋት ደም ማነስ እንዳለባት፣ መውለጃዋ ሳይደርስ ከተማ ወርዳ ከአዋላጇ ነርስ ከሲስተር ኤልሳቤጥ አጠገብ ብትቀመጥ እንደሚሻል ለምናቸዋለች። «ጦር ወዳለበት የሰው ልጅ አልሰድም» አሏት። «ደሞስ እኔ ሰባት የወለድሁት እዚሁ መደብ ላይ አይደል?» ጦሩም እውነት፣ ሰባቱም እውነት ነበሩ። አሁን ግን ንዴቱ አልለቀቃትም። ንጋት ብትሞት በሴትዮዋ ፊት የምትናገረውን ቃል ሳይቀር አዘጋጅታለች።

የአሸተን ማርያም ገደል በስተቀኝ ብቅ ሲል ከታች አንድ ሰው ሽቅብ ሲመጣ አዩ። የሻው ነው፤ በደጉ ጊዜ ሳንቃ እየሸጠ የሚኖር የመንደራቸው ሰው። ወጉን አልሳተም፤ ትከሻውን ለማስገባት እጁን ዘረጋ፤ ከዚያ ግን ቃሬዛው ላይ ያለችውን አይቶ እጁን ሰበሰበ።

«በሕይወት ናት እንዴ?»

«ናት እንጂ» አለች ውባንቺ።

«እንግዲያውስ አታልፉም። ከሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በላይ ካለው በር ላይ ታጣቂዎች ቆመዋል። ቁልቁል የሚወርድ ሰው በሙሉ እየመለሱ ነው። ትናንት አንድ የታመመ ሰው በበቅሎ ሲያወርዱ፣ ወሬ አቀባዮች ናችሁ ብለው በቅሎዋን ነጥቀው ሰዎቹን ሰደዷቸው። የሚያልፍ ቀብር ብቻ ነው። መቃብሩ ከበሩ በታች ስለሆነ፣ አስከሬን ይዞ የመጣ ሰው ቀብሮ ይመለሳል።»

ሌላ መንገድ አለ፤ በገደሉ ዙሮ የሚወርድ፤ እሱ ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ንጋት ደግሞ ግማሽ ቀን የላትም። ውባንቺ ጎንበስ ብላ ጋቢውን ገለጥ አደረገች። የንጋት ከንፈር አመድ መስሏል። ከሥሯ ያለው ጨርቅ ከቤት ሲወጡ የተለወጠ ነበር፤ አሁን ቢጨመቅ ይፈሳል።

አያ ፈንታው ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። ከዚያ ሠላሳ ዓመት ቀብር በመሩበት ድምፃቸው፣ «እንግዲህ ቀብር ነው» አሉ።

የሻውና አዳም ወዲያው ገባቸው። እማማ ሙሉሃብት ትንሽ ዘግይቶ ገባቸውና ሕፃኑን እንደያዙ ወደ ኋላ ሸሹ።

«አያ ፈንታው! በሕይወት ባለች ልጅ ላይ? አንቱ ምን ነካዎት? ቁማ ያለችን ሰው ማልቀስ መጥራት ነው! ሞት ሲጠሩት ይሰማል!»

«ካልጠራነውም እየመጣ ነው፣ ሙሉሃብት።»

«አላደርገውም! ፊቷን አልሸፍንም! ማሪኝ ድንግል!»

ያን ጊዜ ንጋት ዓይኗን ሳትገልጥ ተናገረች። ድምፅዋ እንደ ትንፋሽ ነበር። «ሸፍኑኝ» አለች።

ሸፈኗት። ጋቢውን ከእግር እስከ ራሷ አልብሰው በመጫኛ ሦስት ቦታ አሰሩት፤ ውባንቺ የአንገቱን እስር ላላ አድርጋ፣ አፍንጫዋ ላይ ጨርቁ እንዳይተኛ ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ተወች። ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብላ «እስክነግርሽ እንዳትንቀሳቀሺ፤ የሰማሽውን ብትሰሚ እንዳትንቀሳቀሺ» አለቻት። የሻው ወደ ቤቱ መሄዱን ትቶ የአዳምን ሚስት ቦታ ተቀበለ። አያ ፈንታው ጥምጣማቸውን ፈትተው አንገታቸው ላይ ጣሉ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ሁሉም ወደ እማማ ሙሉሃብት አዩ። በወይራ አምባ ለቅሶ የሚያወርዱት፣ ሙሾ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ካልጀመሩ የሚጀምር የለም።

አሮጊቷም ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ።

ውባንቺ ብዙ ለቅሶ ሰምታለች፤ እንዲህ ያለ ግን አልሰማችም። ማስመሰል ነው ተብሎ የተጀመረው ነገር ከሁለተኛው ቃል በኋላ ማስመሰል መሆኑ ቀረ። «ወይኔ ልጄን! እኔ ነኝ ያስቀረሁሽ! ውረጂ ስትባይ እኔ ነኝ ያስቀረሁሽ!» እያሉ ደረታቸውን ሊመቱ እጃቸውን ያነሣሉ፤ ደረታቸው ላይ ሕፃኑ ስላለ እጃቸው አየር ላይ ይቀራል። የአዳም ሚስት ተቀበለቻቸው። ውባንቺም አለቀሰች፤ ለምን እንደምታለቅስ ግን ራሷም አላወቀችም። ከሁሉ ያስፈራት ዝምታው ነበር። በዚህ ሁሉ ዋይታ መካከል ከጋቢው ሥር አንዳች አይሰማም። ቆም ብሎ ገልጦ ማየት ደግሞ አይቻልም፤ በሩ ላይ ለቆሙት ከሩቅ ይታያሉና። ምናልባት አሁን እውነተኛ ቀብር ይዘን ነው የምንሄደው ብላ አሰበች፤ አስባውም ማቆም አቃታት።

በሩ ማለት ሁለት ቋጥኝ የተጠጋጉበት ጠባብ መተላለፊያ ነው። አምስት ሰዎች ነበሩ፤ ሦስቱ ተቀምጠዋል፣ ሁለቱ ቆመዋል። አለቃቸው የሚመስለው አንገቱ ላይ ሽርጥ የጠመጠመ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ ወጣት ነው። ጠመንጃውን አላነሣም፤ እጁን ብቻ አነሣ፤ ቃሬዛውን ከትከሻቸው አውርደው በእጃቸው እንደያዙ ቆሙ።

«ማን ናት?»

«የልጄ ሚስት» አሉ እማማ ሙሉሃብት።

«ምን ሆና?»

«በወሊድ።»

ሰውየው ቃሬዛውን ዞረ። ውባንቺን ከእግር እስከ ራሷ አያት። «ከመቼ ወዲህ ነው ሴት አስከሬን የምትሸከመው? የመንደራችሁ ወንድ የት ገባ?»

ይኸ ጥያቄ ከሁሉም የሚፈራው ነበር። አያ ፈንታው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያለነው ይኸው ነን፣ ጌታዬ። ከእነዚህ ከሁለቱ በቀር ሽማግሌና ሴት ነው የቀረው» አሉ።

«ባሏስ?»

«ከወጣ ወር አለፈው። የት እንዳለ አናውቅም።» ይህ እውነት ነበርና ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም።

ውባንቺ በዚህ መሃል መሬቱን አየች። ከቃሬዛው ሥር፣ በጠፍሩ መካከል፣ ደም ጠብ ይላል። ነጭ አቧራ ላይ አንድ ነጠብጣብ፣ ቀጥሎ ሌላ። ያልረጋ፣ ገና ትኩስ ደም ነው። ከሞተ ሰው ደም እንዲህ አይወርድም፤ ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ከመካከላቸው ቢኖር አለቀላቸው። ቀስ ብላ እግሯን አንቀሳቅሳ በላስቲክ ጫማዋ ረገጠችው። ሦስተኛው ነጠብጣብ የእግሯ ጣት ላይ አረፈ፤ ሞቀ።

«ግለጡት» አለ ሽርጥ ያሰረው።

«በወሊድ የሞተች ሴት መንገድ ላይ አትገለጥም፣ ልጄ» አሉ አያ ፈንታው። «ነውር ነው።»

«ግለጡት አልሁ! ትናንትም እንዲሁ ብለው ጥይት አሳልፈዋል።»

እጁን ወደ ጋቢው ሲሰድ በእማማ ሙሉሃብት ደረት ላይ ያለው ሕፃን አለቀሰ። ከተወለደ ወዲህ እንደዚያ አልጮኸም ነበር። ጩኸቱ ቀጭን ነው፣ አጥንት ይገባል። ያን ጊዜ ከጋቢው ሥር፣ በንጋት ቀኝ እጅ በኩል፣ ጨርቁ ተነሣ። ትንሽ ነው፤ ልክ አንድ ሰው የሆነ ነገር ለመያዝ ጣቱን እንደሚዘረጋ።

በሕይወት አለች! ውባንቺ በአንድ ጊዜ ደስታው ሊያፈነዳት፣ ፍርሃቱ ሊገድላት ደረሰ። የያዘችውን አጣና ለየሻው ትታ ንጋት ላይ ተደፋች፤ የተነሣውን እጅ በደረቷ ተጭና «እህቴን! እህቴን!» እያለች ጮኸች። ከደረቷ ሥር ጣቶቹ አንድ ጊዜ ተንቀሳቀሱና ዛሉ። ሰውየው ያየ ይሁን ያላየ አላወቀችም። ቀና ብላ ለማየት አልደፈረችም።

«ምንድን ነው ይኸ? ፍትሐት ሳይደርስላት ነው የምታንገላቷት?»

ድምፁ ከታች መጣ። የሚካኤል አስተዳዳሪ ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ናቸው። ዋይታውን ሰምተው፣ ዲያቆናቱ ሸሽተውባቸው ብቻቸውን፣ በአንድ እጅ ጥላ በአንድ እጅ የዕጣን ማጠኛውን ጽና ይዘው ዳገቱን ወጥተዋል። ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው ናቸው፤ ሲተነፍሱ ደረታቸው ያፏጫል። ታጣቂዎቹን ሰላም አላሉም። ሽርጥ ያሰረውን «መንገድ ልቀቅ ልጄ፤ ነፍስ ናት» ብለው አልፈውት ቃሬዛው ራስጌ ቆሙ። ሰውየው ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ኮፍያውን አወለቀና ሁለት እርምጃ ሸሸ። ከተቀመጡት አንዱም ተነሥቶ ራሱን ገለጠ።

ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ። «ስመ ክርስትናዋ ማን ነው?» አሉ።

እማማ ሙሉሃብት ሕፃኑን ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

የክርስትና ስም ለወይራ አምባ ሰው ለሰላምታ የሚጠራበት አይደለም። ነፍስ የምትታወቅበት ነው። በቁም ላለ ሰው፣ ታጣቂ አፍጥጦ እያየ፣ በዚያ ስም ፍትሐት ማስደገም ምን ማለት እንደሆነ ለእማማ ሙሉሃብት የሚነግራቸው አያስፈልጋቸውም። ስሟ ከተነገረ የወዲያኛው ዓለም በር ይከፈታል፤ የተጠራችው ነፍስም ትሄዳለች። እሳቸው እንዲህ ነበር የሚያምኑት። ውባንቺ እንዲህ አታምንም።

«ስሟን ንገሪኝ እንጂ፣ ልጄ!» አሉ ቄሱ።

እማማ ሙሉሃብት ወደ ቃሬዛው አዩ። ወደ ሕፃኑም አዩ።

«ወለተ ኪዳን» አሉ።

ቄስ ሰይፈ ሥላሴ መስቀሉን እንዳነሡ ቀሩ። ሽማግሌው ፊት ላይ አንዳች ነገር አለፈ፤ ውባንቺ መደንገጥ ይሁን ድካም አልለየችውም። ቃሬዛውን አዩ፣ ደም የነካውን የውባንቺን ጫማ አዩ፣ መልሰው አሮጊቷን አዩ።

«ወለተ ኪዳን ነው ያልሽኝ?»

«ወለተ ኪዳን። እንደዚያው በሉ፣ አባቴ።»

ጸሎቱ ተጀመረ። ቄሱ ሊያሳጥሩት ይችሉ ነበር፣ ምናልባትም ሊያሳጥሩት አስበው ነበር፤ ራሱን የገለጠው ታጣቂ ግን የቤተ ክህነት ትምህርት የተማረ ኖሮ ከመጀመሪያው ጸሎቱን በተሰጥዎ እየመለሰ ይቀበል ጀመር። ስለዚህ የሚዘለል አልተገኘም። ዕጣኑ ጨሰ። ውባንቺ ግዕዝ አታውቅም፤ ከዚያ ሁሉ ቃል የምትለየው አንዱን ብቻ ነበር። ወለተ ኪዳን። በተጠራ ቁጥር እማማ ሙሉሃብት ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ወለተ ኪዳን። ደሙ ይንጠባጠባል። ውባንቺ በልቧ «ይበቃል፣ ይበቃል፣ በእግዚአብሔር ይበቃል» ትላለች። ከደረቷ ሥር ያለው እጅ እየቀዘቀዘ ነው።

በመጨረሻ ቄሱ ቃሬዛውን ባረኩ። «በሉ፣ አፈር አልብሷት» አሉ ጮክ ብለው። ለውባንቺ መስቀል ሲያሳልሟት ግን አፋቸው ጆሮዋ ላይ ደረሰ። «ሩጡ» አሏት።

ሽርጥ ያሰረው በእጁ እለፉ አለ።

የሚካኤልን አጥር እስኪዞሩ ለቅሶውን አላቋረጡም። ከአጥሩ ጀርባ፣ መቃብሮቹን አልፈው፣ በጥድ ሥር ቃሬዛውን አወረዱ። ውባንቺ የአንገቱን እስር በጥርሷ ፈታችው። የንጋት ፊት በላብ ረጥቧል፣ ዓይኗ በግማሽ ተከፍቷል። አንገቷ ላይ ጣቷን አሳረፈች። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቦታ ለወጠች። በጣም ቀጭን፣ በጣም ፈጣን ነገር ጣቷን ነካት።

«አለች» አለች። «አለች! አንሡ!»

ቃሬዛው ሲነሣ አያ ፈንታው እያለከለኩ ወደ ኋላ ዞሩ። «አንቺ ሙሉሃብት፣ ይህች ልጅ ጽጌ ማርያም አልነበረች? ሠርጓ ላይ ተክሊል ሲደርስ ሰምቻለሁ እኮ። ተምታታብሽ መሰለኝ።»

«አልተምታታብኝም» አሉ እማማ ሙሉሃብት። እየሮጡ ነበር፤ ሕፃኑን በሁለት እጃቸው ደግፈው። «እሷ ጽጌ ማርያም ናት። ወለተ ኪዳን እኔ ነኝ።»

አያ ፈንታው እግራቸው ተሳሰረ፤ አዳም በክንዱ ባይደግፋቸው ኖሮ ይወድቁ ነበር።

«አባስ?» አሉ። «አባ እኮ የነፍስ አባትሽ ናቸው። ስምሽን ያውቃሉ!»

«ያውቃሉ። እያወቁ ነው ያደረሱት።»

ውባንቺ ከኋላ ሆና ሁሉንም ሰማች። ለሴትዮዋ ያዘጋጀችው ቃል አፏ ውስጥ እንደነበረ ነው፤ ግን ልትተፋውም ልትውጠውም አልቻለችም። መሮጥ ብቻ ቀለላት።

ሲስተር ኤልሳቤጥ ከተማዋ ዳር ባለ የዘመድ ቤት ነበረች። መብራትም መድኃኒትም ከጠፋ ወዲህ እናቶችን የምትቀበለው እዚያ ነው፤ አልጋዋ ሁለት አግዳሚ ወንበር ነው። የቀሯትን ሁለት የደም ማቆሚያ መርፌዎች ሙቀት እንዳያበላሻቸው ከቤቱ ጀርባ ከአለት በተፈለፈለ አሮጌ ጎተራ ውስጥ፣ እርጥብ አሸዋ በሞላ እንስራ ቀብራ ታኖራቸዋለች። ቃሬዛውን እንዳየች ምንም ሳትጠይቅ ወደ ጎተራው ሮጠች። ሁለቱንም ይዛ ተመለሰች። አንዱን የወጋቻት ገና ከቃሬዛው ሳትወርድ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ውባንቺ በቅደም ተከተል አታስታውሰውም። ሲስተር እስከ ክርኗ ስትታጠብ፣ «እግሯን ያዢ፣ አትልቀቂ» ስትላት፣ ንጋት አንድ ጊዜ ስትጮኽ፣ ጩኸቷ ደግሞ ከምንም በላይ ደስ ሲያሰኛት፤ ትዝ የሚላት ይህ ነው። የእንግዴ ልጁ ወጣ። ደሙ ገነፈለ። ሲስተር በቡጢዋ ሆዷን ተጭና ሁለተኛውን መርፌ በውባንቺ እጅ አስወጋቻት። ሦስተኛ የለም። ሁለቱም ይህን ስለሚያውቁ አልተያዩም። ሲስተር ላቡ እየተንጠባጠበባት በዝግታ ትቆጥራለች፤ ውባንቺ ጨርቁን ታያለች። ይቀላል። ይቀላል። ከዚያ መቅላቱ ዘገየ። ከዚያ ቆመ።

«ቆመ መሰለኝ» አለች ሲስተር ኤልሳቤጥ። «እርግጠኛ የምንሆነው ሲመሽ ነው። አሁን ፈሳሽ ያስፈልጋታል፤ ጨውና ስኳር አለኝ፤ ውኃዬ ግን አልቋል።»

ውባንቺ የንጋትን ፊት ስትጠርግ ንጋት ዓይኗን ገለጠች።

«ሰምቼ ነበር» አለች፣ ቃል በቃል እየለቀመች። «ሲደግሙ። ስሜን እጠብቅ ነበር። ስሜን አልጠሩትም።»

«አልጠሩትም።»

«የማንን ነው የጠሩት?»

ውባንቺ ቀና ስትል እማማ ሙሉሃብት በሩ ላይ ቆመው አየቻቸው፤ ሕፃኑን አቅፈው፣ ለመግባትም ለመውጣትም ሳይወስኑ። ጥያቄውን ሰምተዋል።

«ዝም በይ፣ አትድከሚ» አሉ። «እኔ ሰባት ወልጄ ስድስቱን ድሬአለሁ። አንቺ ገና ዛሬ አንድ ወለድሽ።» ቀረብ ብለው ሕፃኑን ጎኗ ላይ አስተኙላት። ንጋት እጃቸውን ልትይዝ ጣቷን ዘረጋች፤ እሳቸው ግን እጃቸውን ሰብስበው ወደ ጓሮ ወጡ። ውባንቺ ተከተለቻቸው።

አሮጊቷ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ነጠላቸው ገና እንደተዘቀዘቀ ነው።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ» አሏት ሳያዩዋት። «በቁሙ ፍትሐት የተደገመለት ሰው ስንት ቀን ይቆያል?»

ውባንቺ የምትመልሰው ብዙ ነበራት። እንዲህ ያለ ነገር የለም ማለት ትችል ነበር። ሥራዋ ራሱ ይህን ማለት ነው። ፊታቸውን ስታየው ግን አልቻለችም።

«አላውቅም፣ እማማ» አለች።

«ጡቷ እስኪሞላ እንኳ ቢያቆየኝ። ሕፃኑን የሚይዝላት ሰው የለም።» ከዚያ ትንሽ ቆይተው፣ «ጥቅምት ላይ ስትለምኚኝ ልሰማሽ ይገባ ነበር» አሉ። ውባንቺ ያን ቃል ለመስማት ስትጠብቅ ነበር የዋለችው፤ ሲመጣ ግን ምንም አላስደሰታትም።

ተኩሱ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ ከማዶ፣ ቀጥሎ ከቅርብ፣ ከቤቱ በላይ። ቤት ውስጥ ያሉት ወለሉ ላይ ተኙ፤ አዳም ሚስቱን በጀርባው ከለላት፤ አያ ፈንታው ከቃሬዛው ሥር ገቡ። ሲስተር ንጋትና ሕፃኑ ላይ ተደፍታ «ማንም እንዳይወጣ!» አለች። ውባንቺ ከጓሮው ግንብ ሥር ኩርምት ብላ እጇን ራሷ ላይ አደረገች። የውኃ ምንጩ ከቤቱ ሃምሳ እርምጃ ነው፤ በመካከል ያለው ግን ዛፍ የሌለበት ግልጥ ሜዳ ነው።

እማማ ሙሉሃብት በጓሮው በር ሥር ከተቀመጡት ሁለት ባዶ ጀሪካኖች አንዱን አነሡ።

«እማማ! ይቀመጡ! ይመቱዎታል!»

«ልጅቱ ውኃ ያስፈልጋታል ተብሏል» አሉ። «እናንተ ተቀመጡ። የእኔ ፍትሐት ደርሷል።»

እንደ ቀላል ነገር አሉት፤ ገበያ እንደሚሄድ ሰው። ወደ ሜዳው ወጡ። ውባንቺ ከግንቡ ሥር ሆና አየቻቸው፤ ሞት እንደማያስፈራው ሰው ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ከዚያ ጀሪካኑን አየችው። በእጃቸው ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ጭናቸውን እየመታ ይንኳኳል። ጥይት በፉጨት ሲያልፍ ትከሻቸው ይኮማተራል፣ አንድ እግራቸው ይቆማል፣ ከዚያ መልሶ ይነሣል። ፈርተዋል። ከማንኛቸውም በላይ ፈርተዋል፤ ቢሆንም እየሄዱ ነው።

ውባንቺ ሁለተኛውን ጀሪካን ይዛ ከኋላቸው ሮጠች።